የባልሽ ወይም የሚስትህ ወላጅ ሲያርፍ፦ ከመርዶው ሌሊት እስከ ሙት ዓመቱ

ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን የባለቤቴ ስልክ ይጮኻል። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ናቸው፣ ከአሰላ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር። «ውሃ መጣላችሁ?»

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ሊጠይቁን መጥተው ጄሪካን ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ አዩን። ከዚያ ወዲህ ከጤናችን በፊት ውሃውን ይጠይቁ ነበር።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አረፉ። እኔም ባለቤቴም ሠርግ እንዴት እንደሚደገስ እናውቅ ነበር። ለቅሶን ግን የምናውቀው በእንግድነት ብቻ ነው፤ ሄዶ ቁጭ ብሎ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ መመለስ። የሐዘኑ ባለቤት ሲሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜያችሁ እንደኛ ከሆነ፣ ከዘመድ ርቃችሁ ዳር አገር ኮንዶሚኒየም ከገባችሁ፣ ይህን ቀድማችሁ አንብቡት።

ደረጃ 1፦ ደህና ሳላችሁ እድር ግቡ

እኛ አልገባንም ነበር። «ገና ልጆች ነን፣ ምን ያስቸኩላል» ብለን። እድር የሽማግሌ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እድር የምትገቡት ለራሳችሁ ሞት አይደለም፤ ለወላጆቻችሁ ነው።

ስትመዘገቡ የሁለታችሁንም እናትና አባት ስም አስመዝግቡ። የራሱን ወላጆች ብቻ አስጽፎ የሚስቱን የሚረሳ ብዙ ነው። ከዚያ ጸሐፊውን ወይም ሰብሳቢውን እነዚህን ጠይቁ፦ ወላጅ ክፍለ ሀገር ቢያርፍ ገንዘቡና ድንኳኑ ይሰጠናል ወይ? አዲስ አባል ከስንት ወር በኋላ ነው ሙሉ መብት የሚያገኘው? ወርሃዊ ክፍያ ሁለት ወር ቢያልፈን ምን ይሆናል? መልሱ ከእድር እድር ይለያያል። ስለዚህ መተዳደሪያ ደንቡን ለምናችሁም ቢሆን አንብቡት።

እኛ ከቀብር ተመልሰን እዚህ ለቅሶ ስንቀመጥ ድንኳኑን ያስተከሉልን የብሎካችን ሰዎች ከራሳቸው እድር ለምነው ነው። አግዳሚውንም፣ ድስቱንም፣ ሳህኑንም። ሴቶቹ ኮሚናል ውስጥ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ንፍሮ ሲቀቅሉ አደሩ። የአብዛኞቹን ስም እንኳ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው እንባዬ ይመጣል። አርባው እንዳለፈ ሄደን ተመዘገብን።

ደረጃ 2፦ መርዶው መጀመሪያ እናንተ ጋ ሲደርስ

ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የደወለው ለእኔ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ። ባለቤቴ ከሥራ ገና እየመጣ ነበር። ወንድሙ እያለቀሰ «እንዳትነግሪው፣ በሌሊት አይነገርም» አለኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ገባ። በእጁ ቆሎ ይዟል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስላጋጠመው ነገር እየሳቀ ያወራኛል። ራት አቀረብኩ። በላ። ተኛ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

ልማዱ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ምክንያቱ ገባኝ። በሌሊት የሰማ ሰው የሚሄድበት የለም፣ መኪና የለም፣ ሰው አይሰበሰብለትም። ቢያንስ ያቺን ሌሊት በልቶ ተኝቶ ያድራል። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ እንቅልፍ የሌለበት ቀን ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀብር ስለማያቆዩ መርዶውንም እንዲህ አያሳድሩም። የእናንተ ቤት የሚከተለውን ተከተሉ። የእኛ ቤት እንዲህ ሆነ፦

መጀመሪያ ስልኩን ያዙ። የዛሬ ጊዜ መርዶ ነጋሪ ስልክ ነው። አንድ የአክስት ልጅ ፕሮፋይሉን በሻማ ይቀይራል፣ አንዱ «ነፍስሽን ይማር» ብሎ ይለጥፋል፣ ልጅ የእናቱን ሞት ከፌስቡክ ይሰማል። እኔ ወዲያው ለወንድምየው መልሼ ደውዬ «ለሁሉም ንገር፣ እስኪነጋ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ» አልኩት። የባለቤቴን ስልክ ደግሞ ቻርጅ ላደርግልህ ብዬ ወስጄ ድምፁን አጠፋሁት።

ቀጥሎ ሰው ፈልጉ። እኔ ቆሻሻ ልጣል ብዬ ወርጄ ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን እናት አንኳኳሁ። ምንም ሳልናገር ገባቸው። «ልጄ፣ አንቺ ግቢና ተኚ፤ የቀረውን ለእኛ ተይው» አሉኝ። እሳቸው ናቸው ለጎረቤት የነገሩት፣ ሚኒባስ በኮንትራት ያስያዙት፣ የንስሐ አባታችን ጋ ያስደወሉት።

መርዶ የሚናገረው በዕድሜ የገፋ፣ የተረጋጋ፣ ከዚህ በፊትም የተናገረ ሰው ይሁን። ሚስት ወይም ባል ባይናገር ይሻላል። እናንተ ከጎኑ ሁናችሁ የምትይዙት ናችሁ። ሰዓቱ ንጋት ላይ ነው፤ የእኛ 11 ሰዓት ነበር። የሚመጡት ሰዎች ከአምስት ስድስት አይብለጡ። ጥቁሩን ከኮት ሥር ይልበሱ። በር ሲንኳኳ ጥቁር ለብሶ የቆመ ሕዝብ ማየት ራሱ ያለ ቃል መርዶ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ከሆነ፣ ወይም እርጉዝ ከሆነች፣ ለነጋሪው ቀድማችሁ ንገሩት። መድኃኒቷን፣ ውሃውን አጠገባችሁ አድርጉ። እኛ አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ሁለት ወጣቶች በረንዳው በር ላይ ቆሙ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚታሰብ እንኳ አላውቅም ነበር።

አሁን ከብዙ ሰው የምለይበት ነገር። ወንድሙ «ታማለች በሉትና አምጡት» ብሎ ነበር። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈጣን መንገዱ አዳማ ድረስ፣ ከዚያ ወደ አርሲ። ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ «እናቴ ትድናለች» ብሎ እየጸለየ ሄዶ በር ላይ ድንኳን እንዲያይ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ እያወቀ እሱ ብቻ አያውቅም። በኋላ ያንን አይረሳም። ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ተነገረው። አዛውንቱ ትከሻውን ይዘው «ልጄ፣ እናትህ አርፈዋል። በሰላም ነው ያረፉት» አሉት። አጭር ነው። አልተሸፋፈነም።

እንዲጮኽ ተዉት። «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ» የሚል ሰው ካለ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት።

ደረጃ 3፦ ከመውጣታችሁ በፊት

ሐዘንተኛው ሻንጣ አያስብም። ጥቁር ልብስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሁለታችሁ መታወቂያ፣ መድኃኒት፣ ቻርጀር፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ጋዝ ዝጉ፣ የውሃ ቧንቧ ዝጉ። ፈረቃው እናንተ በሌላችሁበት መጥቶ የታችኛውን ቤት እንዳያጥለቀልቅ። ቁልፍ ለጎረቤት ስጡ። ኮንትራት ካልተገኘ ወደ አዳማና አርሲ የሚሄደው መኪና ቃሊቲ መናኸሪያ አለ።

ደረጃ 4፦ ሥራ ቦታ

እዚህ ላይ ነው የተጎዳነው። ስለዚህ ልብ በሉ።

ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት ነው የሚሠራው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ለአለቃው ደወለ። «እሺ፣ እግዜር ያጽናህ» አለው። በሰልስቱ ቀን ሰዎች ተሰብስበው እያሉ ያው አለቃ ደውሎ «መቼ ነው የምትገባው፣ ማሽኑ ቆሟል» አለ። ወር ሲያልቅ ደግሞ የቀረባቸው ቀናት ከደሞዙ ተቆርጠው መጡ። ወረቀት የለማ። በቃል የተባለ «እሺ» ደሞዝ ከሚሠራው ክፍል አይደርስም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ለሠራተኛ ከነደሞዙ ሦስት የሥራ ቀን የሐዘን ፈቃድ ይሰጣል። የሥራ ቀን ስለሚል የዕረፍት ቀናችሁ አይቆጠርም። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ሲሞት ነው። «የጋብቻ» የሚለውን አስምሩበት። አማቴ ሲያርፉ እኔም የራሴ ሦስት ቀን ነበረኝ። ሳላውቅ ከዓመት ፈቃዴ አስቆረጥኩ።

ሦስት ቀን ክፍለ ሀገር ሄዶ ለመቅበር አይበቃም። የቀረውን ከዓመት ፈቃድ ጠይቁ። ያ ካለቀ ያው አንቀጽ ለከባድ ችግር እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደሞዝ ይፈቅዳል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ይህ አዋጅ ሳይሆን የራሳችሁ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው የሚገዛችሁ፤ ሰው ኃይል ጠይቁ።

መልእክቱን ሐዘንተኛው ራሱ አይጽፍም። እናንተ በእሱ ስልክ ጻፉለት፤ ለአለቃውም ለሰው ኃይልም። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ወላጅ እናቴ ትናንት ማታ ስላረፉ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት የሦስት የሥራ ቀን የሐዘን ፈቃድ፣ ቀጥሎም ከዓመት ፈቃዴ አራት ቀን እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ማስረጃ ስመለስ አቀርባለሁ።»

ስክሪን ሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማስረጃውን ከዚያው ስትመለሱ ይዛችሁ ኑ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። የሞት ምስክር ወረቀቱ ለሥራ ብቻ አይደለም። ለባል ወይም ለሚስት ለሚተላለፍ ጡረታ፣ ለባንክ፣ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ሁሉ ይጠየቃል። አማቴ ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። የባለቤቴ አባት ሞቱን በጊዜ ባያስመዘግቡ ኖሮ በኋላ ብዙ ይመላለሱ ነበር።

እኛ ማመልከቻ ጽፈን፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን አያይዘን፣ አንቀጹን ጠቅሰን አስገባን። የተቆረጠው ደሞዝ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ገንዘቡ ከፍ ያለ አልነበረም። ግን ባለቤቴን ያመመው ገንዘቡ አይደለም። «የእናቴ ቀብር ከሥራ መቅረት ተብሎ ተጻፈ» ይል ነበር።

ስትመለሱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ለሁለት ሳምንት የቀን ሺፍት። ሳይተኛ ያደረ ሰው ማሽን ላይ መቆም የለበትም። ባለቤቴ ይህን መጠየቅ አሳፈረው። ባልደረባው ነው በራሱ ፈቃድ ሺፍት የተቀያየረው። እንዲህ ያለ ባልደረባ ካላችሁ አትርሱት።

ደረጃ 5፦ ድንኳኑ ተነሥቶ ሁለታችሁ ስትቀሩ

ለቅሶ ሳለ ሰው አለ። ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወት፣ ቡና የሚያፈላ፣ የሚያስቅም አለ። ከዚያ ድንኳኑ ይነሣል። አግዳሚው ይመለሳል። በሩ ይዘጋል። ከባዱ ነገር የሚጀምረው ያኔ ነው።

እኛ በውሃ ነው የተጣላነው። ከሥራ መጥቶ ባዶ ጄሪካን አየ። «ውሃ መጥቶ ለምን አልቀዳሽም?» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። አንድ ቀን ሙሉ ተኮራርፈን ዋልን። ማታ ላይ ገባኝ። ቅዳሜ ነበር። 1 ሰዓት ላይ ስልኩ አልጮኸም።

ስለዚህ ጠቡ ስለ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትመልሱ። ቀኑን እዩ። ሰዓቱን እዩ። የሟች ድምፅ ይሰማበት የነበረበትን ሰዓት እወቁት። እኛ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ 1 ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ አንቀመጥም ነበር። ቀደም ብለን እንወርዳለን። ከብሎኩ ጀርባ ያለውን የጤፍ ማሳ ዳር ዳር ይዘን፣ የረር ተራራ ላይ ብርሃኑ እስኪጠፋ እንሄዳለን። አንዳንዴ ምንም አናወራም።

«እንዴት ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ደህና» ነው። እኔ «ዛሬ ስለ እማዬ ምን ትዝ አለህ?» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እናቱ ደብተር ሲያርሙ ቀይ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ ይሰኩ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ አላቆመም።

ቴሌቪዥኑንና ሙዚቃውን ተነጋግራችሁ ወስኑ። እኛ እስከ አርባው ሙዚቃ አልከፈትንም። ጥቁሩን እሱ እስከ ሙት ዓመቱ ለበሰ፣ እኔ እስከ ሰማንያው። አንዱ ሌላውን «አልበቃህም ወይ» ወይም «ረሳሽ ወይ» እንዳይል ቀድሞ መነጋገር ነው።

ሳቅ ሲመጣ ደግሞ አትደንግጡ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የጎረቤት ሕፃን በአፉ ሙሉ ንፍሮ ይዞ ሲዘፍን ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። ወዲያው እጁን አፉ ላይ አደረገ። ጥፋት የሠራ ይመስል። እኔ ምንም አላልኩም። ሕፃኑን አንሥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ትንንሾቹን ደስታዎች አንድ በአንድ መልሱ፣ በአንዴ አይደለም። የእኛ የመጀመሪያው የእሑድ ቡና ነበር። ቀድሞ በረንዳ ላይ እናፈላ ነበር። አሁን ደረጃው ላይ፣ በራችንን ከፍተን ማፍላት ጀመርን። ያልጠራነው ሰው ሁሉ ይመጣል። ድንኳን የተከሉልንን ሰዎች ስም ያወቅኩት በዚያ ቡና ላይ ነው።

ከሰው ጋር ሆኖም የማይሻለው አለ። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ ጨርሶ እንቢ ካለ፣ ምግብ ካልወረደ፣ መጠጥ ከበዛ፣ ወይም «ተከትያት ብሄድ» የሚል ቃል ከአፍ ከወጣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የመጨረሻው ቃል ከተሰማ በዚያው ቀን ነው፤ ብቻውንም አትተዉት። ከዚያ ወደሚበልጥ ሕክምና ይልኩታል፤ ለአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጠበልም መሄድ ትችላላችሁ፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ደረጃ 6፦ ድምፁን አስቀምጡ

ይህን ያልነገረን ሰው ላይ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። የሟችን የቴሌግራም የድምፅ መልእክት፣ ፎቶና ቪዲዮ በመጀመሪያው ወር ሌላ ቦታ ገልብጡ። ፍላሽ ላይ፣ የእህት ስልክ ላይ። የባለቤቴ ስልክ በስድስተኛው ወር ታክሲ ውስጥ ተወሰደ። ሁለት የድምፅ መልእክት ብቻ ተረፈ፣ እኔ ስልክ ላይ የነበረ። በአንዱ እናቱ ስለ በሶ ነው የሚያወሩት። በሳምንት አንዴ ይሰማዋል።

ደረጃ 7፦ አርባውና ገንዘቡ

ፍትሐቱና መታሰቢያው ቅደም ተከተል አለው፦ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ቀኑን ራሳችሁ አትቁጠሩ፣ ከካህኑ ጋር ቁጠሩት። በአንድ ቀን መሳሳት ቀላል ነው።

ገንዘቡ ላይ ግን ጠንከር በሉ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቤታችን ውስጥ ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ደራሽ በእጅ የሰጠውን ሁሉ ከነስሙ ጻፉ። ብድር ነውና ነገ እነሱ ቤት ሲሆን ይመለሳል። ከዚያ ወንድም እህቶች ሳይጨቃጨቁ በፊት ማን ምን እንደሚችል ይነጋገሩ። ባለቤቴ ተበድሮ ሰንጋ ሊጥል ፈልጎ ነበር። «እናቱን አሳነሳት» እንዳይባል። ሽማግሌ የሆኑት የባለቤቴ አባት ናቸው የከለከሉት። «እሷ በዕዳ ስታዝን ነው የኖረችው» አሉት። ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ወሰድን። ፍትሐት ተደረገ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉ ነዳያን እንጀራ በሽሮና በምስር ቀረበ። ረቡዕ ነበር፣ ጾም። ማንም ምንም አላለም። ቢልም እንኳ ብድሩን የምንከፍለው እኛ ነበርን።

ደረጃ 8፦ የቀሩትን ወላጅ አትርሱ

ሁሉም ሰው ልጆቹን ያጽናናል። ባል ወይም ሚስት ያጣው ሰው ግን ባዶ ቤት ነው የሚመለሰው። የባለቤቴ አባት 40 ዓመት ያህል በትዳር ኖረዋል። ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር።

«ወደኛ ይምጡ» ማለት ቀላል ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ማንንም የማያውቁበት ሰፈር፣ እኛ ቀን ሙሉ ሥራ። ጠየቅናቸው፣ እንቢ አሉ። አላስገደድናቸውም። ይልቅ ተራ አወጣን፤ በየወሩ አንድ ልጅ ቅዳሜና እሑድ አሰላ ይሄዳል። የእኛ ተራ ሲሆን ዓርብ ማታ እንሳፈራለን። በርበሬና ሽሮ ይዘን እንሄዳለን፤ ድሮ ከዚያ ነበር የሚመጣልን።

ደውሎ ማውራት አይወዱም ነበር። ስልክ የሚስታቸው ሥራ ነበር። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ሁለታችንም ደነገጥን። አነሣው። ዝም ብለው ቆዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውሃ መጣላችሁ?» አሉ።

ያን ቀን አልመጣም ነበር። «መጥቷል አባባ» አላቸው። አሁን በየቅዳሜው ይደውላሉ።